የፍራንክ ቦውሊንግ ሸራ ከአገሩ አልተለየም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጉያናዊው ሠዓሊ ስለ ፍራንክ ቦውሊንግ በባህል ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። ስለ ካሪቢያን ሠዓሊ በአማርኛ ተጽፎ ማንበብ ብርቅ ነውና ስለ ድካማችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ጸሐፊው፣ ቦውሊንግ የሰውን መልክ መሣል ትተው ወደ አብስትራክት (የሚታወቅ መልክ ሳይይዝ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ወደሚሠራ ሥዕል) ሲሻገሩ አገራቸውንና ወገናቸውንም አብረው እንደ ተዉ አድርገው መደምደማቸው ፍርደ ገምድል ሆኖብኛል።

ቦውሊንግ በ1934 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ወንዞች በሚገናኙባት በጉያናዋ ከተማ በባርቲካ ተወልደው በ19 ዓመታቸው ለንደን ገቡ። ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርትን በ1962 በብር ሜዳልያ ባጠናቀቁበት ዘመን የሚሥሉት ምጥ የያዛትን ሴት፣ ትንሽ ቆይቶም ክንፏ በዘይት ተለውሶ የምትሞት ነጭ የውሃ ወፍን ነበር። ከ1964 እስከ 1966 በሠሩት «መስታወት» በተሰኘው ትልቅ ሥዕል ራሳቸውን በጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከላይ አንዴም ከታች አኑረዋል። ሰዎቹን ትቶ ዙሪያቸውን ላስተዋለ ግን፣ ወለሉና ግድግዳው ቀድሞውኑ ወደ ቀለምና ወደ ንድፍ መለወጥ ጀምረዋል። ስለዚህ ጽሑፋችሁ በአንድ ጀምበር እንደ ሆነ አድርጎ ያቀረበው ለውጥ ዓመታት የፈጀ ነው።

በ1966 ወደ ኒውዮርክ ከሄዱ በኋላ የሆነው ለክርክሬ ዋና ማስረጃዬ ነው። እናታቸው በጉያና፣ በኒው አምስተርዳም ከተማ ልብስ እየሰፉ የሚነግዱበት ባለ ሱቅ ቤት ነበራቸው። ቦውሊንግ የዚያን ቤት ፎቶግራፍ በስክሪን ማተሚያ (ቀለምን በወንፊት ጨርቅ አሳልፎ በሚያትም ዘዴ) እያሳተሙ በሸራቸው ላይ ደጋግመው አኖሩት። ቀጥሎ የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ካርታዎች መጡ፤ የአህጉራቱ ጠርዝ በቀጭን ቀለም ባሕር ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። እነዚህ የካርታ ሥዕሎች በ1971 በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለብቻቸው በተሰናዳ ዐውደ ርእይ ቀረቡ። ሰው ከሸራው ወጥቷል ብንል እንኳ ቤቱ አለ፤ ቤቱ ሲደበዝዝ አገሩ አለ።

ከ1973 ጀምሮ ካርታውም ቀረ። ሸራውን ከፍና ዝቅ በሚል ሰሌዳ ላይ ወጥረው ቀለሙን ከላይ ያፈሱበት ጀመር፤ ቀለሙም በራሱ ክብደት ቁልቁል እየወረደ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ፣ ከታች እንደ ደለል ይጠራቀማል። ይህን በ2019 በለንደኑ የሥዕል ሙዚየም በቴት ብሪተን በተደረገው ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ በቅርበት አይቻለሁ። ከሩቅ እንደ ጭጋግ ለስላሳ የመሰለኝ ሥዕል፣ አንድ ክንድ ያህል ስቀርበው የቀለሙ ጠርዝ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ አገኘሁት። በ1980ዎቹ ሥራዎቻቸው ደግሞ ወፍራም ጄልና የተቆራረጠ ስፖንጅ በቀለሙ ተለስነዋል፤ አጠገባቸው ቆሜ የታየኝ ወንዝ ሲጎድል በዳር የሚቀር ጭቃ ነው። በወንዞች መገናኛ ላይ የተወለደ ሰው ጭቃን የማያውቅ ይመስል ይህን «ከአገር መራቅ» ማለት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

ሠዓሊው ራሳቸውም በ1989 ከልጃቸው ጋር ጉያናን ሲጎበኙ፣ ለዓመታት በሥዕላቸው ውስጥ የነበረው ብርሃን የጉያና ብርሃን መሆኑን ያን ጊዜ እንደ ተረዱ ተናግረዋል። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው! ሳያውቁት ይዘውት የኖሩትን አገር ጥለውታል ብሎ መወንጀል ከባድ ነው።

ቦውሊንግ ኒውዮርክ በገቡበት ዘመን በዚያች ከተማ ጥቁር ሠዓሊ የወገኑን ትግልና ፊት እንዲሥል ይጠበቅበት ነበር፤ የሚጠብቁት ደግሞ ነጮች ብቻ አልነበሩም። ቦውሊንግ በአርትስ መጽሔት ላይ በጻፏቸው ሒሶች ጥቁር ሠዓሊ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የመሥራት ሙሉ መብት እንዳለው ተከራክረዋል። ይህ ጥያቄ ለእኛም አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሰው በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሥራዎቻቸውን ሲያሳዩ፣ ሥዕላቸው ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ዛሬ በስማቸው የተሰየመ ሙዚየም አለን፤ በዚያን ጊዜ የተወረወረውን ቃል ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎ በሌላ ሠዓሊ ላይ በአማርኛ ማንበቤ አሳዝኖኛል።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት የሠዓሊውን ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። እባካችሁ በሚቀጥለው እትማችሁ «መስታወት»ን፣ ከካርታዎቹ አንዱንና ከ1973 በኋላ ከፈሰሱት ሥዕሎች አንዱን፣ ሦስቱን ጎን ለጎን በቀለም አውጡልን፤ አንባቢ በራሱ ዓይን አይቶ ይፍረድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን