«ዓይኑን አትዩት» ሲባል እኔም ስቄያለሁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን የውጭ ዜና ገጻችሁ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ፓርቲዎች ጽንፈኛና ጸረ አይሁድ ዕጩ ከጉያቸው ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ ያወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ አይከፋም። ቅር ያለኝ ነገሩን የባሕር ማዶ በሽታ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ ነው። በ2013ቱ ምርጫ የአንድ ፓርቲ ዕጩ መልማይ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ከፓርቲው ከወጣሁ ስለቆየሁ ስሙን አልጠራም። ጽሑፉን ሳነብ ግን ያ ኮሚቴ ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

አምስት ነበርን። ቢሮ ስላልነበረን የምንሰበሰበው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች ቡና ቤት ነው። ከቀረቡልን ስሞች አንዱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነበር፤ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ደራሽ፣ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ተከታዩ ብዙ። ከመካከላችን በዕድሜ የምታንሰው ልጅ ስልኳን አወጣችና የጻፋቸውን ታነብልን ጀመር። የሰፈሩን ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ» ይላል፤ የማይወደውን ሁሉ «የአይሁድ ዘር» ይላል፤ ከሥሩ የሚስቁ ምልክቶች ተደርድረዋል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሰብሳቢያችን አቋረጧት። «ይሄ የግል ገጹ ነው፣ እህቴ። ሰውየው ሰው ይሰበስባል። የሚሰበስብልን ሌላ ማን አለን?» አሉ። እጅ አውጡ ተባለ። አራታችን አወጣን። እሷ የቡናዋን ሲኒ እያዞረች ቀረች።

ከዚያ ቅስቀሳው መጣ። አይሱዙ ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ፣ ሕዝቡ ከታክሲ ተራው ማዶ ቆሞ ነበር። ተፎካካሪያችን እናቱ ገበያ ጀበናና ምጣድ ሸጠው ያሳደጉት ሰው ነው። የኛ ዕጩ ማይኩን ተቀበለና፣ «ስትመርጡ ዓይኑን አትዩት! እናቱ ምን ስትሠራ እንዳሳደገችው ታውቃላችሁ» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

ማታ ቤቴ ባለቤቴ ቡና አፈላች። ጀበናው እሳት ላይ ሲንተከተክ ዓይኔ እዚያ ላይ ተተከለ። ያደግኩት ጎንደር ነው። ከወለቃ ሸክላ ይዘው የሚመጡ ቤተ እስራኤል፣ የኛው አገር አይሁድ፣ ሴቶች ገበያ ሲቀመጡ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር፣ ዓይናቸው እንዳያርፍብኝ። በሌላ እጇ ግን ምጣዱን አንኳኩታ፣ ድምፁን አዳምጣ፣ ዋጋ ተከራክራ ትገዛለች። ዓይናቸው ያስፈራል፤ በምጣዳቸው የተጋገረው እንጀራ ግን በየቀኑ ይበላል። ይህን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር፣ እስከዚያች ማታ።

አዘጋጆቹ ጸረ አይሁድነት ሲባል ሒትለር ላይ ባይጀምሩ ደስ ይለኛል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አይሁዱ የውኃ ጉድጓድ መረዘ ተባለ፤ እኛ ዘንድ ሌሊት ጅብ ሆኖ ወጣ ተባለ። ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆኑ፤ ከዚያ ደግሞ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስለሆኑ ቡዳ ናቸው ተባሉ። «ፈላሻ» የሚለው ስም ራሱ ርስት የሌለው ስደተኛ ማለት ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከቦሌ በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ስድቡ ግን ቲኬት አልተቆረጠለትም፣ እዚሁ ቀረ። ይኸው በኛ ዕጩ አፍ ማይክ አገኘ።

ወደ ባሕር ማዶው ልመለስ፤ ከዚያ የምንማረው አለና። የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለሮችዴል ማሟያ ምርጫ ያቀረበው አዝሃር አሊ፣ ሐማስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 ያደረሰውን ጥቃት እስራኤል አውቃ እንዲደርስ ፈቀደች ሲል የተቀዳ ድምፁ ወጣ። ፓርቲው መጀመሪያ «ይቅርታ ጠይቋል» ብሎ ያዘው። የተናገረው ሌላ ነገር ሲወጣ ድጋፉን አነሳ። ነገር ግን የዕጩዎች ምዝገባ ተዘግቷል፤ ሰውየው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሌበር ዕጩ ተብሎ እንደተጻፈ ምርጫው ተካሄደ። አራተኛ ወጣ፤ ወንበሩን ጆርጅ ጋሎዌይ ወሰደው። ለእኔ ትልቁ ነገር ምዝገባው የተዘጋበት ቀን ነው። ከመዘጋቱ በፊት የሚደረግ ነገር ውሳኔ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚወጣ መግለጫ ግን ፊትን ማጠብ ነው። የኛ ኮሚቴ ልጅቷ ስልኳን ባወጣችበት ቀን ጊዜ ነበረው።

አሜሪካ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አርተር ጆንስ የሚባል፣ የናዚ ድርጅት አባል የነበረና የአይሁድን እልቂት የሚክድ ሰው ለኮንግረስ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ሆነ። እንዴት? ወረዳው የዴሞክራቶች ስለሆነ ከፓርቲው ማንም ሊወዳደር አልመጣም፤ እሱ ብቻውን ተመዘገበ። ፓርቲው ጮኾ ካደው፤ ሰውየው ግን በኅዳሩ ምርጫ ከአራት መራጭ የአንዱን ያህል ድምፅ አገኘ። «እዚያ አናሸንፍም» ተብሎ ክፍት የተተወ በር ነው። እኛም ዳር ላይ ያለን ሰዎች ይህን በር እናውቀዋለን፤ ለዋናው ከተማ ምሁር ይፈለጋል፣ ለዳር ሰፈር ጮሌ ይበቃል።

በአንጻሩ ሉዊዚያና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የነጭ ዘረኞቹ ድርጅት የኩ ክሉክስ ክላን መሪ የነበረው ዴቪድ ዱክ በሪፐብሊካንነት ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር የገዛ ፓርቲው ፕሬዚዳንት፣ ትልቁ ቡሽ፣ አወገዙት። ተፎካካሪው ኤድዊን ኤድዋርድስ በሙስና የሚታማ ነበርና ሰዎች መኪናቸው ላይ «ሌባውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው» የሚል ለጥፈው ዞሩ። ዱክ ተሸነፈ፤ ወንበሩም ለተቀናቃኙ ፓርቲ ሄደ። ፓርቲ ወንበር ሊያጣ ካልተዘጋጀ ውግዘቱ ወሬ ነው። የፈረንሳይዋ ቀኝ ጽንፈኛ መሪ ማሪን ለፔን እንኳ አይሁድ የተጨፈጨፉባቸውን የናዚ የጋዝ ክፍሎች የታሪክ «ዝርዝር» ብሎ ማቃለሉን አልተው ያለውን ወላጅ አባቷን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረተው ፓርቲ አስወጥታዋለች። ለመርህ ነው ወይስ ለድምፅ? እኔ ለድምፅ ነው ባይ ነኝ። ይሁን፣ ቢያንስ ስድቡ ድምፅ እንደሚያሳጣ አስልታለች። እኛ ዘንድ ስሌቱ ገና ተቃራኒ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ጽንፈኛ የሚለው ቃል እኛ አገር ስንቱን በልቷል?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ቃሉ የተፎካካሪ ማባረሪያ ዱላ ሆኖ አልቋል። በፓርቲ ውስጥም ሊቀመንበሩን የጠየቀ ሁሉ በማግስቱ ጽንፈኛ ሲባል አይቻለሁ። ይህም የኛ ብቻ አይደለም፤ የብሪታኒያ የእኩልነትና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ስለ ሌበር ባወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ካያቸው 70 የጸረ አይሁድነት አቤቱታ መዝገቦች ውስጥ 23 ቦታ ላይ የፖለቲካ ጣልቃ ገብነት አግኝቷል። ስለዚህ ሰውን በስያሜ ሳይሆን በቃሉ መያዝ ነው። ምን አለ፣ መቼ አለ፣ የት ጻፈው፤ ጽሑፉ ፊቱ ተቀምጦ መልሱ ይሰማ፤ ሊቀመንበሩም ከዚያ ክፍል ይውጣ። በሻይ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

አዋጅ አለን ይባላል። አዎን፣ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት አስቀምጧል። ግን ዓቃቤ ሕግ ካልከሰሰው ሁሉ ዕጩ ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው? ያን ቀን ቡና ቤቷ ውስጥ ማንም ከዓቃቤ ሕግ ወረቀት አልጠበቀም፤ ሰውየውን ያሳለፍነው እኛው ነን።

ሰውየው በመጨረሻ አልተመረጠም። ልጅቷ በወሩ ፓርቲውን ለቀቀች፤ እኔ ከዓመት በኋላ። ባለፈው ሳምንት ሰብሳቢያችን ደወሉልኝ። ለቀጣዩ ምርጫ ኮሚቴው ሊቋቋም ነው፣ ልምድ አለህና ተመለስ አሉኝ። ያ ሰው ይቀርባል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስሙ አለ፤ ገና ይታያል» አሉ። ያችን ልጅ ከጠራችኋት እኔም እመጣለሁ አልኳቸው። «እሷማ ስልኳ አይሠራም» አሉኝ።

ይሠራል። ትናንት ማታ ደውዬላታለሁ፤ የዚያን ጊዜውን ሁሉ ፎቶ አንስታ አስቀምጣዋለች።

የቀድሞ ኮሚቴ አባል
ከቱሉ ዲምቱ