የመንዙማ ቃላትን ስለመመርመር

ለተከበራችሁ የደሴ የንባብ ክበባችን አባላት፣

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የወሎ የመንዙማ ገጣሚ የሚገለገልባቸውን ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነምንጫቸው ስለምንመረምር፣ አስቀድማችሁ እንድትዘጋጁ በአክብሮት እናሳስባለን።

መነሻችን «መንዙማ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ «ነዘመ» ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ግሡ ዕንቁን በክር መሰካትን፣ ከዚያም ቃላትን በምጣኔ ማሰናዳትን ያመለክታል፤ የእኛው «ግጥም»ም «ገጠመ»፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አጋጠመ፣ ከሚለው የወጣ በመሆኑ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ለአንድ ሙያ ተቀራራቢ ስም ማውጣታቸው የሚያስደስት ነው። «ቅኔ» ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው፦ የግዕዙ «ተቀንየ» ተገዛ፣ አገለገለ ማለት ነው። «ሐድራ» በዐረብኛ መገኘት፣ በፊት መቅረብ ሲሆን፣ በእኛ አገር ለዱዓና ለመንዙማ የሚደረግ ስብስብ መጠሪያ ሆኗል።

እንደ ሼህ ጠልሃ ጀዕፈር ያሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ ስለጻፉት ንባቡ ጥንቃቄ ይሻል፤ ዐረብኛ ለ«ጨ» እና ለ«ቸ» የራሱ ፊደል ስለሌለው አንድ ቃል ሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በቤታችሁ የቆየ የመንዙማ ደብተር ካለ፣ አነባበቡ የሚያጠራጥረውን ስንኝ ገልብጣችሁ አምጡ፤ ዜማውን በቃላቸው የያዙ አዛውንት ቢገኙላችሁ አብረዋችሁ ቢመጡ እጅግ ደስ ይለናል። ትርጉሙን ያላረጋገጣችሁትን ቃል በግምት ሳትሞሉ ቦታውን ክፍት ተዉት።

የክበቡ አስተባባሪ