ደብዳቤ ለልጄ፦ ማሳሽን ከአናቱ እስከ ግርጌው

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የማሳው ፎቶ ደርሶኛል። «አራት ሄክታር አንድ ወጥ መሬት» ብለሽ ጽፈሻል፤ ከፎቶው ግን ቢያንስ ሦስት መሬት ይታያል። ዝናብ በሚያጥርበት ቦታ መሬት የሚለየው በድንበሩ ሳይሆን ውሃው ከየት ተነስቶ የት በማረፉ ነው። ስለዚህ ማረሻው ከመግባቱ በፊት ዶማና አካፋ ይዘሽ ከአናቱ ጀምረሽ ውረጂ።

ሦስት ጉድጓድ ይበቃል፤ አፋፉ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ግርጌው ላይ፤ ሲቻል እስከ አንድ ሜትር። አፋፉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ሳትወርጂ ዶማው ጭንጫ ቢመታ አይግረምሽ፤ ደቃቁን አፈር ጎርፍ አጥቦ ወደ ግርጌው አውርዶታል። ያን ጭንጫ ለሣርና ለዛፍ ተዪው። በግድ ቢታረስ የቀረውንም አፈር ታጪዋለሽ።

ከየጉድጓዱ እፍኝ አፈር አንሺ፣ ጠጠሩን ልቀሚ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ እንደ ሊጥ እሺው። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋሽ እንደ ጥብጣብ አውጪው። ኳስ ሆኖ መያዝ ካቃተው አሸዋ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ድብልቅ አፈር፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ሸክላ ነው።

አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ሸክላ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል ውሃ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ አሸዋ ወደ 70። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «ሸክላ ይሻላል» ይላል። ዝናቡ ትንሽ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በደረቅ መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ሸክላው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርሳል፤ ያንንም ፀሐይ በጥቂት ቀን ትመልሰዋለች። አሸዋው ላይ ግን ውሃው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከፀሐይ ይሸሸጋል። ወገቡ አሸዋማ ከሆነ ቀድሞ የሚዘራው እሱ ነው፤ ማሾ ወይም ለውዝ ይስማማዋል። የግርጌው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላ፣ ጠጥቶ እስኪጠግብ ይቆይ፤ ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽንብራ ይበቅልበታል።

ዋልካ ደርቆ ቢታረስ ጓል፣ ረስርሶ ቢታረስ ጭቃ ነው፤ የሚታረስበት ቀን ጥቂት ነው። ከማረሻው ጥልቀት ጥቂት አፈር አንስተሽ በመዳፍሽ አድበልብዪው። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ሳይበጠስ ከተሳበ ገና እርጥብ ነው፤ በሬም ሆነ ትራክተር አታስገቢበት።

አሁን ወደ እርከኑ። የ10 ሜትር ገመድ በውሃ ልክ ወጥሪና የታችኛው ጫፍ ከመሬት ስንት እንደራቀ ለኪ፤ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 5 በመቶ ነው። በእርከንና በእርከን መካከል አንድ ሜትር ከፍታ ለመተው ርቀቱ 20 ሜትር ይሆናል። በዓይን ግምት አይሠራ፤ አደራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ጥሎ ሲሶው ቢፈስ፣ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ከእያንዳንዱ ሄክታር ይወርዳል ማለት ነው። እርከኑ አንድ ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ ያ ሁሉ ውሃ እዚያው ተሰብስቦ ይጥሰዋል፤ ቦረቦርም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እርከን ከሌለው ማሳ ይልቅ የተዛነፈ እርከን ያለው ማሳ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ወገቡ ላይ በየትልሙ ውስጥ በየ2 ሜትሩ ትንሽ የአፈር ግድብ ይደረግ። ቁመቱ ከትልሙ ግድግዳ ይነስ፤ ውሃው ሲሞላ ወደጎን ይሻገር እንጂ ግድግዳውን ጥሶ አይውረድ። ዋልካው ላይ ግን ይህን አትሞክሪ፤ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል።

በፎቶው በግራ በኩል ያለው ቦረቦር ላይ ክትር ከመሠራቱ በፊት ከበላዩ የሚገባው ውሃ ይቀልበስ። ከዚያ የክትሩ መሃል ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ካልሆነ ውሃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይበላል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር ይስተካከል።

ያሳሰበኝ ግርጌው ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ ሽንብራ የሚያህል ደረቅ ጓል አንስተሽ የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣይ፤ አትነካኪው። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ጥርት ካለ ችግሩ የብስባሽ ማነስ ነው፤ ገለባውን ማሳው ላይ ትተሽ ታሻሽዪዋለሽ። በጓሉ ዙሪያ ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ ሶዲየም፣ ማለትም ሸክላውን የሚበትነው የጨው ዓይነት፣ በዝቶበታል። ያኔ ሶዲየሙን ከአፈሩ የሚያስለቅቅ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ያስፈልጋል፤ የታጠበው ጨው የሚወጣበት ፈሰስ ከሌለ ግን ጂፕሰሙ ከንቱ ነው።

ብርጭቆውን በማግሥቱ አይተሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ ግርጌው ላይ ዘር አትግዢ።

አባትሽ