ሰባ አራት ሰው ላየሽበት ቀን

ይድረስ ለሐኪሟ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ቅዳሜ ማታ ደውለሽ «አባዬ፣ ዛሬ 74 ሰው አየሁ፤ የአንዱም ፊት ትዝ አይለኝም» ያልሽኝ እንቅልፍ ነሣኝ። ተነሥቼ አሰላሁት። የስምንት ሰዓት ሥራ 480 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ካርድ ማንበቡም፣ እጅ መታጠቡም፣ መድኃኒት መጻፉም ከዚያው ላይ ነው። ያውም ሌሊቱን አንዲት እናት በቀዶ ጥገና ስታዋልጂ አድረሽ።

የገበያ ቀንን አውቀዋለሁ። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዙን ገዝቶ፣ በዚያው ይታከማል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወባው ይጨመርበታል። በዕቅዱ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ የአንቺ ዓይነቱ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰውም ከታች ታይቶ የተላከው ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ግን ሁሉም ቀጥታ ወደ አንቺ ይመጣል።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ፣ በአንድ የገበያ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር «ራሴን ያመኛል» አለችኝ። የራስ ምታት ክኒን ጻፍኩላት። ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆም አለች። እግሯ አብጦ የላስቲክ ጫማው ስለጠበባት ተረከዟ ውጭ ነበር። አይቼዋለሁ። ግን የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ። በሦስተኛው ቀን እያንቀጠቀጣት በቃሬዛ አመጧት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ራስ ምታቱና እብጠቱ የደም ግፊት ምልክት ነበር፤ መለኪያውም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ልጄ።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሁሉ አንቺ ዘንድ ከመግባቷ በፊት ግፊቷ ተለክቶ ካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ዛሬውኑ ከነርሶቹ ጋር ተነጋገሪ። የግፊትና የስኳር ሕመማቸው የተረጋጋላቸውን፣ መድኃኒቱ መኖሩን አጣርተሽ፣ በቅርባቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ በጽሑፍ መልሺያቸው። እኔ የተማርኩበት የጎንደሩ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ ያሠለጠነው ገጠር ውስጥ ሥራው በአንድ ሰው እጅ እንደማያልቅ ስለታወቀ ነው። አንቺም አብረውሽ ያሉትን ጤና መኮንኖች እመኛቸው።

ደግሞም ዝም አትበዪ። የአንድ ወር መዝገብሽን ቆጥረሽ፣ በቀን ስንት ሰው እንዳየሽና ስንት ሌሊት ተረኛ ሆነሽ አድረሽ ጠዋት ሥራ እንደገባሽ በደብዳቤ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስገቢ፤ ግልባጩን አስቀሪ። ተረኛ ባደርሽ ማግስት ዕረፍት መጠየቅ ስንፍና አይደለም። በሩን ይዛ የቆመችውን ሴት ለማየት ያላንቀላፋ ዐይን ያስፈልጋል።

እናትሽ በማክሰኞው አውቶቡስ በሶና ቆሎ ልካልሻለች። በሶው ለአንቺ ነው፤ ተረኛ በምታድሪበት ሌሊት በጥብጠሽ ጠጪው። ቆሎውን ከነርሶቹ ጋር ተካፈሉት።

አባትሽ