ለልጄ፦ አብርሃም ጽድቅ የተቆጠረለት መቼ ነበር?

እሙዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽም እኔም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወንድምሽ ደውሎ ያለሽበትን ነገረን። ጨጓራሽን እያወቅሽ እስከ ማታ ሳትበዪ ትውያለሽ አሉ። የጓደኛሽን ብድር ሳትመልሺ ደመወዝሽን አንሥተሽ ለመባ ሰጥተሻል፤ «እግዚአብሔር ይቅር እስኪለኝ» ብለሽም ከጌታ ራት ቀርተሻል። ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት ምግብ ብዪ፤ መድኃኒትሽንም ዋጪ።

ልጄ፣ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ። የጸደቀ ሰው ይሠራል እንጂ ሠርቶ የጸደቀ ሰው የለም። መጾምም መስጠትም መልካም ነው፤ የይቅርታ ዋጋ ስታደርጊያቸው ግን ይበላሻሉ። ሮሜ 4፥4 ለሠራተኛ ደመወዙ ዕዳ ነው እንጂ ጸጋ አይደለም ይላል። እግዚአብሔር ያንቺ ባለዕዳ እንዲሆን ነው የምትጾሚው?

እስክሪብቶ ያዢና ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 15 ጀምረሽ አንብቢ፤ የአብርሃምን ዕድሜ ባገኘሽበት ሁሉ ዳር ላይ ጻፊው። 15፥6 ላይ የእግዚአብሔርን ተስፋ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት፤ እግዚአብሔር እንደ ጻድቅ ተቀበለው ማለት ነው። ገና አልተገረዘም፤ ልጅም የለውም። ቀጥሎ ያለውን በቶሎ አትለፊው። የሦስት ዓመት ጊደር፣ ፍየልና በግ ለሁለት ተከፈሉ። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚገባ ሰው «ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ ልሁን» ለማለት በተከፈለው ሥጋ መካከል ያልፍ ነበር፤ ኤርምያስ 34፥18 ላይ ታገኚዋለሽ። አብርሃም ግን ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት፤ ሲጨልምም በሥጋው መካከል ያለፈው የእግዚአብሔር መገኘት ምልክት የሆነው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ነው። አብርሃም አላለፈም። ኪዳኑን እግዚአብሔር ብቻውን በራሱ ላይ አሰረው።

ከዚያ በኋላ እንኳ ተሳስቷል፤ ምዕራፍ 16 ላይ ወደ ሚስቱ አገልጋይ ወደ አጋር ገባ። ልጇ እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ሲገረዝ 99። ስለዚህ ጽድቅ ከተቆጠረለት እስኪገረዝ ቢያንስ 13 ዓመት አልፏል። ጳውሎስ ሮሜ 4፥10 ላይ «ተገርዞ ሳለ ነው ወይስ ሳይገረዝ?» የሚለው ይህን ይዞ ነው። ግዝረቱ ቀድሞ ለተሰጠው ጽድቅ ማኅተም ሆነ። የሙሴ ሕግማ ገላትያ 3፥17 እንደሚለው ከተስፋው 430 ዓመት በኋላ መጣ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራም ይጸድቃል የሚለውን ያዕቆብ 2፥24ን ጠቅሰው የሚያስፈራሩሽ ይኖራሉ። ያዕቆብ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ የቀረበበትን የዘፍጥረትን ምዕራፍ 22 አንሥቶ፣ የ15፥6 ቃል በዚያ ተፈጸመ ይላል። የሚገሥጸውም የተራበ ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ነው። ይህ ግሣጼ አንቺንም ይነካሻል፤ እመጣበታለሁ።

«እምነቴስ ይበቃል ወይ?» እያልሽ ራስሽን መመዘንም ተዪ። እንዲህ ስታደርጊ እምነትን ራሱን ሥራ ታደርጊዋለሽ፤ ጭንቀቱም አያልቅም። የሚያጸድቅሽ የእምነትሽ ብርታት አይደለም፤ ያመንሽው ክርስቶስ ነው። እምነትሽ ደካማ ሆኖ ቢንቀጠቀጥም እሱ ያው ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ገንዘብ ልምጣ። የእሷን ብድር ሳትመልሺ ለመባ መስጠትሽ አስቆጥቶኛል። ሰው ለመጽደቅ ሲሠራ ዓይኑ ከራሱ ነፍስ ላይ አይነሣም፤ አጠገቡ ያለውን ሰው አያየውም። እግዚአብሔር ያንቺ ብር አይጎድልበትም፤ እሷ ግን የቤት ኪራይ አለባት። ዛሬውኑ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂያት፤ ደመወዝሽ ሲገባ ለቀለብሽና ለኪራይሽ አስቀርተሽ ከቀረው ክፈያት፤ ካልበቃም የቀረውን በየወሩ ጨርሺላት። ለመጽደቅ አይደለም፤ ገንዘቡ የእሷ ስለሆነ ነው።

እሑድ ወደ ጌታ ራት ቅረቢ። ብቁ እስክሆን ብለሽ አትቆዪ፤ ይህም ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፣ እሙዬ።

እናትሽ በሶና ሽሮ በወንድምሽ እጅ ልካለች። ቁርስ ሳትበዪ ከቤት አትውጪ፤ ለጓደኛሽ እንደደወልሽም አሳውቂኝ።

አባትሽ