የፓምፑ የይለፍ ቃል በድርድሩ ይነሣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። የእንግዳ አቀባበሉ ዝግጅት የራሱ ባለቤቶች አሉት። እኛ ልናነሣ የፈለግነው ከአጀንዳዎቹ አንዱን፣ የቴክኖሎጂ ልማትና ሽግግር የሚባለውን ነው። አገራችን በዚህ አጀንዳ ላይ ምን ብትጠይቅ ይሻላል ለሚለው፣ መልሱን ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ በተሰቀለች አንዲት የብረት ሳጥን ውስጥ ማየት ይቻላል።

ሳጥኗ የፀሐይ ፓምፕ ኮንትሮለር፣ ማለትም ከፓኔሉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለፓምፑ ሞተር አስተካክሎ የሚሰጠው መቆጣጠሪያ፣ የሚገኝባት ናት። ናፍጣ እየተወደደ ሲሄድ በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችም ሆነ በሐረርጌ ወረዳዎች ጀነሬተሩን በፀሐይ መተካት ትክክለኛ መንገድ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ስሌቱም ከባድ አይደለም። በቀን 40 ሜትር ኩብ ውኃ ከ60 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ውኃውን ማንሣት ብቻ 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ብቃታቸው 45 በመቶ ቢሆን ከፓኔሉ መምጣት ያለበት ወደ 14.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያድጋል። በቀን 5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ይገኛል ብለን፣ በሙቀት፣ በአቧራና በኬብል 20 በመቶ ይባክናል ብንል፣ 3.3 ኪሎ ዋት ይበቃል፤ ባለ 550 ዋት ስድስት ፓኔል ማለት ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት 60 ሜትር የሚለው ቁጥር አወሳሰድ ነው። ውኃው ሳይነካ የቆመበት ልክ 45 ሜትር ሆኖ ፓምፑ ሲሠራ ወደ 60 የሚወርድ ከሆነ መወሰድ ያለበት 60ው ነው፤ በዚያ ላይ እስከ ታንከሩ ያለው ከፍታ ይደመራል። በ45ቱ የተመረጠ ፓምፕ ጧትና ማታ ፀሐይ ሲደክም ውኃ አያደርስም።

ፓኔሉ ራሱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። አቧራው ከተጠረገለትና አገናኞቹ የአንድ አምራች ከሆኑ 20 እና 25 ዓመት ያገለግላል። (የሁለት የተለያዩ አምራቾችን አገናኝ አጋጥሞ መሰካት ሲያዩት የተመቸ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ግጥሚያው ላልቶ ይግላል፣ ይቃጠላል።) ቀድሞ የሚሞተው ኮንትሮለሩ ነው። የሚሞትበት ምክንያትም ምሥጢር አይደለም።

ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ኮንትሮለሩ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ፣ አየር በማያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ከተሰቀለ የሥራው ሙቀት ተጨምሮበት ካርዱ (የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) አካባቢ 85 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ካርዱ ላይ ካሉት ዕቃዎች ሙቀት ቀድሞ የሚጎዳው ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅመውን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው። ርካሹ ዓይነት በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው። በሙያው እንደሚታወቀው ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ85 ዲግሪ 8,000 ሰዓት ይኖራል። ፓምፑ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 800 ቀን፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። የሁለት ዓመት ዋስትና ካለው ዋስትናው ባለቀ በሁለት ወሩ ይቆማል። ያው ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ቢውል 32,000 ሰዓት፣ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለግላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሳጥኑን ከፓኔሎቹ ጥላ ሥር ማዋል፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ከታችና ከላይ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ማውጣት ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ፓኔል ዋጋ በታች ነው። ይህን የዓለም ባለሙያዎች አያውቁትም አንልም፤ ያውቁታል። ግን የጨረታ ሰነዱ ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ ሆኖ ይህ ካልገባበት ጉድጓዱ ጋ አይደርስም።

ካፓሲተሩ ከሞተ በኋላስ? ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሞባይል ካርድ በማጉያ እያዩ የሩዝ ፍሬ የማታክል ዕቃ ነቅለው የሚተክሉ ወጣቶች አሉ። ካፓሲተር መቀየር ለእነሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያቆማቸው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ካርዱ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ተደፍኖ ይመጣል፤ ለእርጥበት መከላከያ ጥሩ ቢሆንም ጠግኖ መጠቀምን ይከለክላል። ካርዱ ክፍት ቢሆንም እንኳ የመስመር ንድፉ የለም፤ የትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት መለካት እንዳለበት የሚናገር ገጽ መመሪያው ውስጥ አይገኝም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አዲስ ኮንትሮለር ተገዝቶ ቢመጣም የሞተሩን አምፔር፣ ድግግሞሽና የደረቅ ጉድጓድ መከላከያ (ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆመውን) ለማስተካከል የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉ ያለው አስመጪው ጋ፣ ወይም ባሕር ማዶ ያለው አምራች ጋ ነው። ፓምፑ ደህና፣ ፓኔሉ ደህና፣ ውኃውም አለ፤ በአራት ወይም በስድስት አኃዝ ምክንያት ቦኖው ይደርቃል፣ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ወደ ሩቁ ምንጭ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ድርድሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 5 የበለጸጉ አገሮች ቴክኖሎጂውንም ዕውቀቱንም ለማስተላለፍ ማበረታታት፣ ማመቻቸትና እንደ አግባቡ ገንዘብ ማቅረብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ዕውቀት የሚለው ቃል እዚያው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካንኩን ላይ የቴክኖሎጂ ሥርዓቱ ሁለት እግር ኖሮት ቆመ፦ ፖሊሲ የሚመክር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ እና ለአገሮች የባለሙያ ድጋፍ የሚያቀርብ የአየር ንብረት ቴክኖሎጂ ማዕከልና መረብ። የፓሪሱ ስምምነት በአንቀጽ 10 ጉዳዩን አጠናከረ፤ በ2018 ካቶቪትሰ ላይ የቴክኖሎጂ ማዕቀፉ ጸደቀ፤ በ2023 ዱባይ ላይ የቴክኖሎጂ ትግበራ ፕሮግራም እንዲቋቋም ተወሰነ፤ በ2024 ባኩ ላይ ግን ዝርዝሩ ሳይቋጭ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተሻገረ። በዚህ ሁሉ ዓመት ትልቁ ፍልሚያ የነበረው በአእምሯዊ ንብረት ላይ ነው። ታዳጊ አገሮች ፓተንት (ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ብቸኛ የመጠቀም መብት) እንቅፋት ነው ሲሉ፣ የበለጸጉት የዚህ ጉዳይ ቦታው የዓለም ንግድ ድርጅት ነው ይላሉ። የፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 10 ስለ አእምሯዊ ንብረት አንድም ቃል ሳይዝ ያለፈው በዚህ ነው።

በእኛ እምነት የኢትዮጵያ ልዑካን ጉልበታቸውን በሙሉ ፓተንት ላይ ባያፈስሱ ይሻላል። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። እዚህ ያልተመዘገበን ፈጠራ እዚሁ ሠርቶ እዚሁ መጠቀም የባለፓተንቱን መብት አይነካም፤ ወደተመዘገበበት አገር መላክ ነው የሚያስጠይቀው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከዚህም አልፎ በውጭ አገር ተመዝግቦ ጊዜው ያላለፈበትን፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበን ፈጠራ አስገብቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት የሚቆይ የአስገቢ ፓተንት ፈቅዷል። በሩ ክፍት ነው። ኮንትሮለሩን የቆለፈው ግን ፓተንት አይደለም፤ የሶፍትዌር ቁልፍ፣ ያልተሰጠ ንድፍና በውሉ ያልተጻፈ መለዋወጫ ነው። ይህ ደግሞ ማንም የዓለም ንግድ ድርጅትን ሳይጠብቅ በግዢ ውል ሊፈታው የሚችል ነው። ልዑካኑ ሊጠይቁ የሚገባው በአየር ንብረት ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ የጥገና ንድፉን፣ የይለፍ ቃሉንና መለዋወጫውን ይዞ እንዲመጣ፣ ይህም የትግበራ ፕሮግራሙ ቋሚ ደንብ እንዲሆን ነው። ጥያቄው ጠባብ ስለሆነ እምቢ ለማለትም አይመችም።

በውሉ ምን ይጻፍ? ለእያንዳንዱ 20 ፓምፕ ሁለት ሙሉ ኮንትሮለር፣ 20 ማቀዝቀዣ ፋን፣ 40 በ105 ዲግሪ 5,000 ሰዓት የሚያገለግል ካፓሲተር፣ 10 የመብረቅ መከላከያና 20 የደረቅ ጉድጓድ ሴንሰር ቢቀመጥ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃል ብለን እናስባለን። የመስመር ንድፉ የመለኪያ ነጥቦቹን ቮልት ይዞ ይቅረብ። መመሪያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሁን፤ በዚህ አካባቢ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የይለፍ ቃሉ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፣ ቅጂው ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ካርዱ የሚደፈን ከሆነ ካፓሲተሮቹ ከድፍኑ ውጪ ይሁኑ። ከክፍያው 10 በመቶ ቢያንስ አንድ ግንቦትና አንድ ሰኔ እስኪያልፍ ይያዝ።

ይህ የማይቻል ነው የሚል ካለ ባቡሩን ይመልከት። የፈረንሳዮቹ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ሐዲዱ ብቻ አልነበረም የመጣው፤ ዎርክሾፑም አብሮ ተተከለ። ቶርኖው እዚሁ ስለነበረ ያለቀ ዕቃ እዚሁ ይቀረጽ ነበር፤ ሙያውም ከለገሃር ወጥቶ በከተማው ጋራዦች ተሰራጨ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ሥራውን የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት እንዲያካሂዱ ተደርጎ፣ በ2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ጊዜው በውል ስለታሰረ ርክክቡ ቀን ነበረው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በመከልከሉ ከጅቡቲ በኩል የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም እንደ ኮንትሮለሩ በሶፍትዌር የተቆለፈ ነው፤ የምንጠይቀው ደንብ እሱንም ይሸፍናል።

ጉባኤውን ሳንጠብቅ የሚሠራም አለ። ያ በካንኩን የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የተከፈተው ማዕከል ለአንድ ጥያቄ እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ የባለሙያ ድጋፍ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ገንዘቡን ለጠያቂው አያስረክብም፣ ፓምፕም አይገዛም፤ ዕቃ የሚዘረዝር ማመልከቻ የሚወድቀውም በዚህ ነው። ማመልከቻውን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ውኃ ቢሮ ማዘጋጀት ይችላል፤ የሚያልፈው ግን በአገራዊው ተጠሪ መሥሪያ ቤት ፊርማ ብቻ ነው። ችግሩ በግልጽ ይጻፍ፤ የሚፈለገው ውጤትም ጥናት ሳይሆን የሚሠራ ነገር ይሁን። ጥናት ከተጠየቀ የሚመጣው ጥናት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

የድሬዳዋ አስተዳደርና የሐረሪ ክልል ውኃ ቢሮዎች በጋራ አንድ ጥያቄ ቢያቀርቡ ጥሩ ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስር ምክንያትም አለ፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውኃ ከድሬዳዋ ቆላ በፓምፕ ወደ ደጋው ማስወጣት ጀምራለች። የጥያቄው ይዘት አንድ የኮንትሮለር መፈተሻና መጠገኛ ክፍል በአንድ ፖሊቴክኒክ ውስጥ ማደራጀት ይሁን። የሚያስፈልገው እስከ 70 ዲግሪ የሚሞቅ ሳጥን፣ ፀሐይን የሚተካ የቀጥታ ኤሌክትሪክ ምንጭ፣ አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪኩን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ)፣ የካፓሲተር መለኪያና ውኃ የሚያዞር የሙከራ ፓምፕ ነው። ዕቃውን ሌላ በጀት ይግዛው፤ ባለሙያውን፣ የፈተና ሥርዓቱንና ሥልጠናውን ማዕከሉ ያምጣ። ማንኛውም በጨረታ የሚገዛ ኮንትሮለር ከመተከሉ በፊት በዚህ ሳጥን ውስጥ በ60 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ሙሉ ጭነት ይዞ ይሥራ፤ ያልቻለው ይመለስ።

የሠልጣኞቹም ፈተና በወረቀት አይሁን። የተበላሸ ካርድና የመስመር ንድፉ ይሰጣቸው፤ ጉድለቱን በመለኪያ አግኝተው፣ ዕቃውን ቀይረው፣ የይለፍ ቃሉን አስገብተው የሙከራው ፓምፕ ውኃ ሲያወጣ ይለፉ። የአሠልጣኙ የመጨረሻ ክፍያም በዚያው ቀን ይፈጸም።

ከአክብሮት ጋር
የውኃ ፓምፕና የፀሐይ ኃይል ባለሙያዎች
ድሬዳዋ