አቡጀዲውን ልኬልሻለሁ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐረርም ደህና ናት።

እዚያ ጀርመን የዒላማ ተኩስ ክለብ መግባትሽን፣ ያውም በአፈሙዝ በሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ መሆኑን ስትነግሪን እናትሽ ደንገጥ አለች። እኔ ግን፣ አቦ፣ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን መሣሪያ ጥገና ቤት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ጦርነት ነው፤ ከዚያ ካለፈም ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ጥይት። ልጄ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ለመምታት ብላ ስትተኩስ መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጠመንጃሽን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን በሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ የሚተኮስ፣ በድሮው ሞዴል ጣሊያን አገር የተሠራ። የዚህን ዘር አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። አውሮፓውያን ከኋላ ወደሚጎርሰው ጠመንጃ ሲዞሩ አሮጌው ተረፋቸው፤ ብዙው በባሕሩ በኩል ወደ እኛ ወረደ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ወደብ በግመል አስጭኖ ለምኒልክ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃም ይኸው በካፕሱል የሚተኮሰው ነበር። እነሱ አገር ጊዜው አልፎበታል። ምኒልክ ዋጋውን አስቀንሰው፣ ገንዘቡን ሐረር ሄዶ ከገዢው ከመኮንን እንዲቀበል ላኩት። ዛሬ እዚህ የሚመጣው ቱሪስት ሁሉ የሬምቦን ቤት አሳዩኝ ይላል። ስለ ጠመንጃው የሚጠይቅ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል።

የዘመኑ ልዩነት ምን እንዳደረገን የመቅደላ ዘመቻ ይነግርሻል። በ1860 ዓ.ም. አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ እንግሊዞቹ የያዙት ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነው። የቴዎድሮስ ሰዎች አብዛኞቹ ባሩድ በአፈሙዝ እያፈሰሱ ነበር የሚዋጉት። ከእንግሊዝ በኩል የሞተው 2 ሰው ሲሆን፣ ከእኛ 700 ያህል ወደቀ። መድፉና ሮኬቱም አለበት፤ ቢሆንም ያ ባሩድ አፍስሶ፣ አረር ጠቅጥቆ፣ ካፕሱል እስኪያስቀምጡ የሚያልፈው ጊዜ ብዙ ሰው አስጨርሷል።

አንቺ ዘንድ ግን ያ ጊዜ ጨዋታው ራሱ ነው። በዓለም ውድድር ላይ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ 13 ጊዜ ይተኮሳል፤ ምርጡ 10 ይቆጠራል። ደንቡ ራሱ ረጋ በይ እያለሽ ነው። ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ስታጎርሺ ማንም አያናግርሽ። የክለቡ ሊቀመንበርም ቢሆን ይጠብቅ። ባሩድ አፍስሼ ነበር ወይስ አላፈሰስኩም የሚለው ጥርጣሬ የሚመጣው በወሬ መሀል ነው። ሁለቴ ያፈሰሰች ጠመንጃዋን ልታፈነዳ ትችላለች።

ባሩዱን እየመዘንሽ ለየአንዱ ተኩስ በየብልቃጡ ቀድመሽ አዘጋጂ። ከትልቁ ዕቃ በቀጥታ አፈሙዝ ውስጥ እንዳታንቆረቁሪ። ከበፊቱ ተኩስ የቀረች ፍም ውስጥ ካለች፣ እጅሽ ላይ ያለው ሁሉ ይያያዛል። አረሩ ባሩዱ ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በመሀላቸው ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ ምልክት አድርጊበት። ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር ካልተስተካከለ አትተኩሺ። ካፕሱሉ ጠሽ ብሎ ጠመንጃው ዝም ካለ ደግሞ፣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሺ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ባሩድ አንዳንዴ ዘግይቶ ይነሳል።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። አረሩን የምትጠቀልይበት ጨርቅ እየተበጣጠሰ ነው፣ ጥይቱም ይበታተንብኛል ብለሽኛል። ብዙ ሰው ችግሩን ዓይኑ ወይም እጁ ላይ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ጨርቁን እጠረጥራለሁ። ክቡ አረር ከበርሜሉ ትንሽ ይጠብባል፤ ቦታውን የሚሞላውና የበርሜሉን ጥርስ፣ ውስጡ የተቆረጠውን ጠመዝማዛ መስመር፣ ይዞ አረሩን የሚያሽከረክረው ያ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ተኩሰሽ ስትጨርሺ፣ ተኩስ ቁም ሲባል፣ ከፊትሽ የወደቁትን ጨርቆች ልቀሚያቸው። መሀሉ ከተቃጠለ ጨርቁ ስስ ነው፤ ወይም ባሩዱ በዝቷል። በስለት የተቆረጠ ከመሰለ የአፈሙዙ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ባለሙያ ያለስልሰው። ዙሪያው ትንሽ ተርትሮ መሀሉ ደህና ከሆነ ግን ጥሩ ላይ ነሽ።

ልብስ ሰፊዎቹ ሠፈር መኪና ግርግር ወርጄ ጠንከር ያለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ አቡጀዲ ገዝቼልሻለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ምን ልታደርገው ነው ብለው አፋጠጡኝ። ለልጄ ጠመንጃ ስላቸው በጣም ተገረሙ። ከመቁረጥሽ በፊት ሁለት ሦስቴ እጠቢው፤ ስታርቹ መውጣት አለበት። ለመቀባቱ ሰምና የበሬ ሞራ አብረሽ አቅልጪ። ሰሙን አታብዢው፤ በብርድ ይደርቅብሻል። የእናንተ አገር ብርድ ደግሞ የእኛ ዓይነት አይደለም።

ስለ ጽዳቱ ብዙ አልልሽም፤ ክለቡ አስተምሮሻል። ከጥቁር ባሩድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥላሸትና ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ እርጥበትም ይስባል። ሞቅ ባለ ውሃና ሳሙና እዚያው ቀን እጠቢው፤ አድርቀሽ ዘይት ቀቢው። ነገ አትበይ።

እናትሽ ባሩዱን ቤት ውስጥ ታስቀምጣለች ወይ ብላ ስታስጨንቀኝ፣ እዚያ አገር ባሩድ ለመግዛት ኮርስ ተወስዶ፣ ፈተና ታልፎ፣ ፈቃድ ተይዞ ነው አልኳት። አልተዋጠላትም። አንቺው ደውለሽ አስረጃት፤ የመነጽሩንና የጆሮ መከላከያውንም ንገሪያት።

100 ሜትር ልሞክር ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ትንሽ እቆያለሁ። 50 ሜትር ላይ ጥይቶችሽ ተሰብስበው መግባት ይጀምሩ። በአዲሱ ጨርቅ ከተኮስሽ በኋላ የዒላማውን ወረቀትና የወደቁትን ጨርቆች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ባሩዱ ስንት ግራም እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ጨርቁ ሲቀየር እሱም መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

የሚወድሽ አባትሽ
ከሐረር